ካሳ

ቧንቧው ከደረቀ ዘጠነኛ ቀኑ፤
ቢጫ ጀሪካኖች ደጃፍ ላይ ባከኑ።
ቱሉ ዲምቱ ሳይት፣ ብሎክ መቶ ሁለት፣
አራተኛ ፎቅ ነው እኔ ያለሁበት።

ከግንቡ ወዲያ ማዶ አቶ ልሳነወርቅ
ሦስት ሮቶ አቁሟል መቼም እንዳይደርቅ፤
ጄኔሬተር አለው፣ ጤፍ በየኩንታሉ፣
«ክፉ ቀን እሱን አይነካውም» ይላሉ።
ሮቶው ባዶ ጮኸ። ቦቴ አስጠራ በእጥፉ፣
በሦስት እጥፍ ቢልም ሾፌሮቹ ጠፉ።
«ብር አለኝ እኮ!» አለ።
«በብር አይሄድም እኮ!» አሉት።

ጋሽ ቱፋን የማውቀው በባንኩ መስኮት ነው፤
የመሬቱን ካሳ የቆጠርኩት እኔው።
በአሥር በአሥር ሺህ አስሬ ደረደርኩ፣
«ምን ልሥራበት ልጄ?» ቢሉኝ፣ «ያስቀምጡት» አልኩ።
ኢሱዙ ገዙበት፤ ገደል በላው ባመቱ፤
ሠርግ መጣ፣ ለቅሶ መጣ፤ ተሟጠጠ ሀብቱ።
ዛሬ ዘበኛ ናቸው፣
የብሎካችን በር ላይ፣ በገዛ ማሳቸው።

ያን ማታ ከቆሻሻው ገንዳ ኋላ ተቀመጡ፣
ኮብሉን በዱላቸው መቱ፤ ጆሮ ሰጡ።
«እዚህ ቄጠማ ነበር፣ ጊደሬ የሰመጠችበት፤
ውሃው የትም አልሄደም፣ እናንተ ናችሁ የቆማችሁበት።»

ኮብሉን ነቀልን። መጀመሪያ ውሃ የቋጠረው
የኔው መዳፍ ነው፤ አፈሩማ ደረቅ ነው።
«በክንድሽ አይደለም፣ በወገብሽ» አሉኝ፤
አካፋውን ቀምተው አያያዙን አሳዩኝ።
ሦስት ሜትር ላይ ጭቃ፤ ከጭቃው ሥር ድንጋይ፤
ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ባልዲ የማይሞላ ሲሳይ።

አቶ ልሳነወርቅ ፓምፕ አሸክሞ መጣ፣
በእቅፉ ይዞ የቀረችውን ናፍጣ፤
«ማስነሳት አላውቅም» አለ፣ ትንሽ አፈረ፤
ጋሽ ቱፋ ገመዱን ሳቡት፤ አጓራ፤ ጀመረ።
ፓምፑ ባይኖርስ?
እሱንም ቆጥሬዋለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቧንቧው ሳለ፣ ተፋ፤
ጉድጓዱን ደፈንነው፤ ምልክቱም ጠፋ።

ወር ሲሞላ ጋሽ ቱፋ ከመስኮቴ ቆሙ፤
ብሩን ስቆጥር ዓይኖቻቸው መዳፌ ላይ ከረሙ።
ገንዘቡን ሳያዩ፣ እጃቸውን በቀዳዳው ሰደው፣
የጠነከረውን ቆዳ በጣታቸው ነክተው፣
«ይቺን እንኳ» አሉኝ፣
«አትመንዝሪያት።»