የአሸዋ ቆጣሪ

መጀመሪያ መንገዱ ቀይ መስመር ነበር፣
የወረዳው አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ ከሰዓቱ ሥር።
ሰው ሁሉ ተጋፍቶ በጣቱ ፈለገ፣
መስመሩ ማንን በላ፣ ማንንስ ታደገ።
የሃውን ኮኮናት በመሃል ሰንጥቆ፣
የቲየፕን የሩዝ ማሳ ጥግ ጥጉን ነጭቆ፣
የሁለት አያቶች መቃብር አስለቅቆ፣
እኛ ጋ ሲደርስ ግን፣ እንዳፈረ እንግዳ ርቆ፣
ሁለት ኪሎ ሜትር በስተሰሜን አለፈ።
እናቴ ተነፈሰች። ትከሻዋ አረፈ።

እናቴን ሰፈሩ «ሰባተኛ» ብሎ ነው የሚጠራት፤
ለአያቴ ግን ስድስተኛ ልጅ ናት።
እኛ የሜኮንግ ዳር ሰዎች ከሁለት ነው የምንጀምር፤
በኩሩ «ሁለተኛ» ነው፤ «አንደኛ» አይጠራም፣ ሞት ሰምቶ እንዳይዳፈር።
ፈጣን መንገዱ ግን ከዜሮ ይጀምራል፤
ምንም አይሸሽግም፤ በየኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ላይ ስሙን ያኖራል።

እኔም ሥራ አገኘሁ። ቢጫ ቆብ፣ የሚያበራ ሰደርያ፣
አንድ ደብተር፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ ረጅም መለኪያ።
«መሬታችሁ» አለን መሐንዲሱ ቱንግ፣ ከሰሜን የመጣ፣
«መሬት አይደለም፣ ውሃ ነው፤ ለጊዜው ከወንዝ የወጣ።
ሦስት ሜትር አሸዋ ተጭኖት ዓመት ካልተጨመቀ፣
መንገዱ ክረምት ሳይሞላው፣ እንደ ማንኪያ ገንፎ ውስጥ ጠለቀ።»

አሸዋው ከወንዝ ነው። ማታ ማታ ይመጣል፣
ጀልባው እስከ አፉ ሞልቶ፣ ውሃው ጠርዙን ይልሳል።
እንጨቴን እሰዳለሁ፣ እለካለሁ፣ እጽፋለሁ፦
ስምንት መቶ ኪዩብ። ተቀብያለሁ።
«ተቀብያለሁ» እያልኩ ስምንት ወር ፈረምኩ።
ከወዴት ተቀዳ? እሱን አልጠየቅኩ፤
ደብተሩ ላይ ለሱ ዓምድ አልነበረም፣
ዓምድ የሌለው ነገር ደግሞ አይቆጠርም።

በዘጠነኛው ወር እናቴ ደወለች።
ድምጿ ደህና ነበር። «በላህ ወይ?» አለች።
ስለ ዶሮዎቿ፣ ሃው በካሳው ስለገዛው ቴሌቪዥን፣
ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ድግሱን።
ከዚያ፣ ልትዘጋ ስትል፣ «ማድ ቤቱ እኮ ሄደ።»
«ወዴት?» «ወደ ወንዙ። ሌሊት ነው፤ ቀስ ብሎ ወረደ።
ምድጃው፣ ድስቱ፣ የአባትህ መረብ፣ የውሃው ጋን፤
ድምፅ እንኳ አልነበረው፤ ባዶውን አየሁት በማለዳ ብርሃን።»

ወንዝ ከሆዱ ሲቆፈር ከጎኑ ነው የሚበላ።
ይህን ቱንግ አልነገረኝም፤ ጀልባ ቀዛፊው ነው፣ ኋላ።

ካሳ ስትጠይቅ ጸሐፊው ያንኑ ካርታ ዘርግቶ፣
«እናቴ፣ መስመሩ እኮ አልነካሽም» አላት፣ ሻይ ቀድቶ።
እውነቱን ነው። አልነካትም።
ወንዙም ፊርማ የለው፣ ማኅተም።

በዚያው ሳምንት ሌሊት፣ ቧንቧው አሸዋ ሲተፋ፣
በባትሪዬ ብርሃን አንድ ገል ብቅ ብሎ ጠፋ።
ወርጄ በእጄ ቆፈርኩ። የጋን አንገት ነው፣ ቡኒ፣ ወፍራም፣
ከንፈሩ የተሸረፈ። የኛም ተሸርፎ ነበር፤
ግን በዚህ ወንዝ ዳር ጋኑ ያልተሸረፈ ማን አለ፣ ድሃም ሀብታም።
ለቱንግ ሰጠሁት። በእጁ ገለበጠው።
«ባዕድ ነገር ነው፤ መንገዱን ያበላሻል» አለ፤ «አውጣው።»
አወጣሁት። ደብተሩን ከፈትኩ።
ስምንት መቶ ኪዩብ። ተቀብያለሁ። ፈረምኩ።

መንገዱ ተመረቀ። ሞተር ሳይክል የተከለከለ ነው፤
እኛ ያለን ሞተር ሳይክል ነው።
እናቴን በሚኒባስ ወሰድኳት፣ መስኮት ዳር አስቀመጥኳት።
ጫማዋን አወለቀች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳት።
ድንጋዮቹ ያልፋሉ፣ አርባ፣ አርባ አንድ፣ በፍጥነት፤
ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትቆጥራለች መሰለኝ፣ እንደኛ፣ ከሁለት።
«የቱ ጋ ነው?» አለችኝ፣ ስልሳ ሦስት ላይ ስንደርስ።
«ምኑ?» አልኩ፣ እያወቅሁ።
«ማድ ቤቴ» አለች በሹክሹክታ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ።

መልስ አልነበረኝም።
ሹፌሩ መቶ ነዳ። መንገዱ፣ እውነት ለመናገር፣
ምንም አልነቀነቀንም።