ፀሐይ ቀድማ፣ ካርቶን ዘግይቶ

አዲስ ቀን ዓለምን ሲጎበኝ በእኛ በር ይገባል፤
ሌላው ገና ትናንት ውስጥ ሳለ ኔያፉ ላይ ነግቷል።
ዶሮው ጮኾ፣ አሳማው አጥር ጥሶ፣
ወደቡም የጠዋት ጭጋጉን ለብሶ፣
እኔ ከሱቄ ቁልፍ ጋር ስታገል
ፊናኡ ከደጄ ቆሟል።

«መጣ?»
«አልመጣም።»
«መርከቡ እኮ ማክሰኞ ገባ!»
«ገባ፤ ቆርቆሮና ዱቄት ጭኖ፣ የበግ ጎድን በበረዶ፤
ያንተን ስልክ ግን አላየሁም፣ ዝርዝሩ ላይ ዓይኔ ወርዶ።»

ልጁ ማስታወቂያውን በቃሉ ያውቀዋል።
ሲድኒ ላይ ወረፋ ይዘው ያደሩትን ሰዎች
በአሮጌው ስልኩ፣ በተሰነጠቀ መስታወት አይቷቸዋል፤
ስንጥቁ በአንዲት ደስተኛ ሴት ፊት ላይ ያልፋል።

«ለምንድን ነው እኛ ዘንድ የሚዘገየው?» አለ።
ወንበር ሳብኩለት።
አንዳንድ ጥያቄ በቁም አይመለስም።

ስማኝ ፊናኡ፤ ክፋት አይደለም፣ ስሌት ነው።
ፋብሪካው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያወጣው ጥቂት ነው፤
ትልቅ ገበታ ባለበት ቀድሞ ይገለበጣል ድስቱ፣
ትንሿ ሳህን ትጠብቃለች፣ ትርፍ እስኪገኝ ከፍትፍቱ።
በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጎዳና፣ በአንዲት ቅዳሜ ጠዋት
እኛ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ተሰልፈን ከምንገዛው በላይ ይሸጥበታል።
ደግሞ ወረቀት አለ፤
ሞገዱ ይፈተሽ፣ ይፈቀድ፣ ማኅተም ይታተም፤
ለሚሊዮን ሰው የሚከፈል የፍተሻ ዋጋ
ለመቶ ሰውም ያው ነው፤ አንድ ሳንቲም አይቀንስም።
ቋንቋችንንስ? በስማችን መሐል ያለችውን፣
ያቺን ድምፅ ጉሮሮ ላይ የምታቆም ጭረት
ለቁልፍ ሰሌዳው ማን ያስተዋውቃት?

ከዚያ ደግሞ ኦክላንድ ያለው አከፋፋይ፣
ድምፁን እንጂ ፊቱን የማላውቀው፣
«ከሃምሳ ፍሬ በታች አንልክም» ይለኛል በትሕትና፤
ሃምሳ! እኔ በዓመት የሸጥኩት አሥራ ዘጠኝ ነው ገና።

«ታዲያ መቼ?»
ትልልቆቹ ሲጠግቡ። አዲሱ አሮጌ መባል ሲዳዳው።
ያኔ መጋዘን ሲያጸዱ ትዝ እንላቸዋለን፤
እኔም «አዲስ ገባ!» ብዬ እለጥፋለሁ በግድግዳው።

ይህን ሁሉ እንደ አስተማሪ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተናግሬ፣
በሩቅ ሰው መበደሌ ትንሽ አኩርቶኝ ሳለ፣
ስልኬ ጮኸ።
ቶኪሉፔ ናት፣ ከማዶዋ ደሴት፣ በጎረቤቷ ስልክ፦
«ካሎላይኔ፣ ባትሪዬስ? ከፋሲካ በፊት ነው እኮ የነገርኩሽ።»

አፌ እኔን ሳያማክር መለሰላት፦
«መጥቷል እኮ፤ ግን ለአንድ ባትሪ የጀልባ ነዳጅ አይከፈል።
አሥር ሰው ይዘዝ፣ ያኔ ሁሉንም ባንድ ላይ …»
በትሕትና ነው ያልኩት። በጣም በትሕትና።

ዝም አለች። ከድምፅዋ ኋላ ባሕሩ ይሰማል።
«አሥር ስልክ እኮ የለንም እዚህ» አለች።

ፊናኡ አየኝ።
ልጅ ሲያይ መሸሸጊያ የለም።
ሠላሳ ዓመት ካርታ ላይ ነጥብ ነኝ ስል ኖሬ፣
እኔም ለካ ለሌላ ሰው ኦክላንድ ነኝ።

መሳቢያውን ሳብኩ። ባትሪው እዚያው ነው፣
በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ስሟ በእርሳስ ተጽፎበት፣
እርሳሱም ደብዝዞ።
ልጁ እጁን ዘረጋ፦
«አጎቴ ማአፉ ሐሙስ ዓሣ ሊያጠምድ በዚያ ያልፋል።»
«ነዳጁስ?»
«ያልፋል አልኩሽ እኮ።»

ባትሪውን ኪሱ ከትቶ፣ ከተሰነጠቀው ስልኩ ጎን፣
በሩ ላይ ዞር አለ፦ «ነገ መጥቼ እጠይቃለሁ።»

ይምጣ።
ስልኩ መቼ እንደሚደርስ እኔም አላውቅ፤
ነገ ግን፣ እንደ ልማዱ፣
ከሁሉ ቀድሞ እኛ ዘንድ ነው የሚደርሰው።