ደህና ነው ያለው ሽቦ

አይጥ ነው የበላው። ማለዳ ስጠራ
ያየሁት ይኼን ነው፣ ከሰንጋ ተራ
ፋርማሲ ጓዳ ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣው ሥር፦
ጫፉ የተላጠ፣ የተቆረጠ ክር።
መስኮቱ ላይ ግን «አራት» ይል ነበረ፤
አራት ዲግሪ ብሎ ሌሊቱን አደረ።
ውስጡ ሃያ ሦስት። ሞተሩ ተኝቶ፣
ኢንሱሊኑ ሁሉ ለብ ብሎ፣ ሞቶ።

ወይዘሮ ዘርፌሽዋል መነጽር አውልቀው
«ሠሪው አንተ አይደለህ?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።
ልክ ናቸው። ብየዳው የኔ፣ ፕሮግራሙም የኔ፤
አምና ክረምት፣ ለገሃር፣ ጣራው እያፈሰሰ በጎኔ።

ረዳታቸው ሐመልማል ባትሪ እያበራችልኝ
«እንዴት ዋሸ?» አለች።
አልዋሸም፤ ስሚኝ።

ቺፑ ስምንት እግር አለው፣ ጆሮው ግን አንዲት ናት፤
በየተራ እየዞረ ነው ሁሉን የሚሰማባት።
ጆሮው ሥር ትንሽ ቅል አለች፣ ቮልት የሚቀዳባት።
ጤነኛው ፍሪጅ «አራት» ብሎ ሞላት።
ወደ በሽተኛው ዞረ፤ ሽቦው የለም፣
የጨመረ የለም፣ የደፋም የለም።
ቅሏ ውስጥ የጎረቤት አራት አለ፤
«አራት» አለ።

ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ የሞተውን ሳያውቅ፣
የፊተኛውን አይቶ እንደሚንሰቀሰቅ፣
እንደዚያ ነው። ተንኮል የለበትም።
ካጠገቡ የሰማውን እንጂ ከራሱ አላወጣም።

«ክሮቹስ ቢነካኩ?»
እሱ ይብሳል። ዜሮ ይመጣል፤
ቺፑም ዜሮ ዲግሪ፣ በረዶ ይለዋል፤
በረደ ብሎ ደግሞ ሞተሩን ያጠፋል።
ባዶና ብርድ በአንድ ስም ሲጠሩ
ማን ይለያቸዋል?
ሐመልማል ሳቀች። እኔ ካርቶኖቹን አየሁ።

ዳሳሹን ቀየርኩት። አዲሱ፣ በረዶም ቢሆን፣
ግማሽ ቮልት ይላል፤
ከእንግዲህ ዜሮ ከመጣ ብርድ አይደለም፣ ተነካክቷል።
ለተበጠሰውም አንዲት ሬዚስተር፣
ሚሊዮን ኦም፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣
ከአምስቱ ቮልት ወደ እግሩ በየድኩ።
ደካማ ናት፤ ሽቦው ካለ አትረታውም።
ሽቦው የለቀቀ ለት ግን ቅሏን ቀስ በቀስ እየሞላች
እስከ አፏ፣ ሺህ ሃያ ሦስት ታደርሳለች፤
ሺህ ሃያ ሦስት የሚባል ሙቀት በዚህ ቤት የለም።
ፕሮግራሙ ላይ አንድ ቃል ጨመርኩ፦
ምረጥ። ጠብቅ። አንብብ።
«ጠብቅ» አምና አልነበረም። ቸኩዬ ነበር።

ቆረጥኩት። ጮኸ።
አነካካሁት። ጮኸ።
ወይዘሮ ዘርፌሽዋል በርጩማቸው ላይ ሆነው
እየጮኸ ሳለ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው።

ካውያዬ እስኪበርድ፣ ዕቃዬን ስሸክፍ፣ እንደ ልማዴ፣
«ሻለቃስ ደህና ናቸው?»
«ደህና ነው።»
«እርስዎስ፣ ደህና?»
«ደህና።»
ቦርሳዬን አንግቼ ወጣሁ።

ሐመልማል እስከ በሩ ሸኘችኝ።
«የሻለቃ አርባቸው እኮ ማክሰኞ ወጣ» አለችኝ።

ነጭ ጋዋናቸው ሥር ጥቁር ነበር።
ጠርዙን አይቼዋለሁ፤ አላነበብኩትም።
ደህና ያልኩት እኔ ነኝ። ቅሏን የሞላኋት እኔ።
የመለሱልኝ የኔኑ ነው።

ብሔራዊ ቴያትር ጋ ስደርስ እጄን ኪሴ ከተትኩ፤
አንዲት የተረፈች ሬዚስተር ጣቴን ወጋችኝ።
ልመለስ? ምን ብዬ?
የፈረሰ ሥራ መጠገን እንጂ «እግዜር ያጥናዎ» ማለት
አፌ ላይ ሁሌም ይሰበራል።
ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሬዲዮ፣ አንድ ሚዛን ይጠብቁኛል።

ካስፋልቱ ጠርዝ ቆሜ ጠበቅሁ።
ቀዩ መብራት ሁለቴ ተቀያየረ፤
የታክሲው ረዳት ወደኔ እያየ
«ሜክሲኮ! አንድ ሰው የቀረ!» እያለ ነበረ።