ዐይን የሌላት መርፌ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ቅዳሜ ገበያ፣
ከእህል ተራው ማዶ፣ ከጨው ተራ ወዲያ፣
ሲንጀሬን ተክዬ በጠባብ በረንዳ
ስወጋ ኖሬያለሁ፣ ይጎዳ አይጎዳ።
የሙሽራ ቀሚስ፣ የተማሪ ካኪ፣
የዘበኛ ካፖርት፣ ከታች ከማራኪ።
ከፈንም ሰፍቻለሁ፣ ሳይለካ ባለቤቱ፤
ጠበበኝ ያላለኝ እሱ ብቻ ከስንቱ።

አምና በሐምሌ ግን፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
በቀኝ ትከሻዬ ብርድ ጎጆ ሠራ።
ኮት ከሚስማር ማውረድ ቀረና ለሌላ፣
ማማተብ አቃተኝ፣ ክንዴ ቀረ ኋላ።
እንጉዳይ ሸሚዜን እያለበሰችኝ
«ልብስ ሰፊ አገባሁ» ብላ ሣቀችብኝ።

ያልመከረኝ የለም፤ አንዱ ፌጦ ደቁሶ፣
አንዱ የበግ ሞራ በዝንጅብል ለውሶ።
ወጌሻው ደምሌ ከአዘዞ መጥቶ
ክንዴን ቢጎትተው ኮከብ ታየኝ ወጥቶ፣
በጠራራ ፀሐይ።

«ከሆስፒታሉ ማዶ ቻይናዊት መጥታለች፣
በመርፌ ወግታ ነው የምታድን» አለች።
መርፌ? ለእኔ መርፌ? ለጣና ውኃ ቀድተው?
ትከሻ ግን አይሰማም፤ ሄድሁኝ ተሸክሜው።

ሦስት አልጋ፣ መጋረጃ፣ ጠርዙ ያልተዘመዘመ፤
ከትከሻዬ ብሶ ዐይኔን እሱ አመመ።
ዶክተር ሊን መርፌዋን ከወረቀት አወጣች፤
ፀጉር ታህላለች፣ ከፀጉርም ቀጠነች።
አንገቴን አስግጌ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ።
«ዐይን የላትም» አልሁ፤ «ክሩ በየት ያልፋል?
ዕውር መርፌ ይዞ ሰው ምኑን ይሰፋል?»

ወረታው አስተርጓሚው ሣቀና ዝም አለ።
እሷ ሱሪዬን ገልጣ ቅልጥሜን ዳበሰች፣
ከጉልበቴ በታች ስክት አደረገች።
«እመቤት፣ ተሳሳትሽ! ትከሻዬ እላይ ነው፣
እግሬማ ደኅና ነው፣ ፔዳል የሚረግጠው!»
ወረታው አዳምጦ የሷን ቃል መለሰ፦
«ሕመሙ ላይ ቢሆን መንገዱ እዚህ ደረሰ።»

ዝም አልሁ።
ይሄንንማ አውቃለሁ።
ኮሌታ ሲሸበሸብ ኮሌታውን አልፈታም፤
ከጠርዙ ነው ጣጣው፣ ከአንገቱ አይመጣም።
አንዲት ክር ጠብቃ፣ እታች ተወጥራ፣
ስንት ኮት አንቃለች፣ ከሥር ተሰውራ።

«ያማኣል?» ትላለች፤ ይኸው ነው አማርኛዋ፤
መካከሉን ጎትታ፣ እንደ ላስቲክ፣ በዜማዋ።
አያምም። ይከብዳል፤ እርጥብ ጋቢ ያህል፤
ጉንዳን ከጉልበቴ ወደ ጣት ይወርዳል።
«ክንድህን አንሣ» አለኝ ወረታው። አነሣሁ።
እስከ አገጬ ደረሰ። ከዚያ በላይ ፈራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ብርጭቆ አመጣች፣
እሳት አሳይታው ጀርባዬ ላይ ደፋች።
ሣቄ አመለጠኝ፤ ዋግምት አይደለም ወይ!
አባቴን በቀንድ ሲያግሙት አላየሁም ወይ!
ያጨሰችው ቅጠልም ጭቁኝ ጭቁኝ ሸተተኝ፣
ወለቃ፣ ከእናቴ ጓሮ ወስዶ ከተተኝ።
ማን ከማን ተማረ? ወረታውም አያውቅ።
እሷም ጭሱን ታያለች፣ እንደኔው፣ ሩቅ ሩቅ።

ስድስት ጊዜ ሄድሁ። አልዋሽም፣ አልሻረም ፈጽሞ፤
ሌሊት ይቆጠቁጠኛል፣ ውርጩ ሲመጣ ደግሞ።
ግን ኮቱን ከሚስማር፣ ከሁለተኛው ረድፍ፣
ራሴ አወርዳለሁ፣ ሰው ሳልለምን ሲያልፍ።
ላይኛው ሚስማር ገና ነው።

የዶክተሯ ጋውን ብብቱ ሥር ተተርትሯል፤
ከመጀመሪያው ቀን ዐይኔ አይቶ ታዝቧል።
«ስጪኝ» ብዬ ወሰድሁ። ማታ ሲንጀሩን ትቼ
በእጅ ልጠቅመው ብዬ፣ መርፌ ክር አግብቼ፣
ጫፏን ጨርቁ ላይ ሳሳርፍ፣ ሳላስበው፣
«ያማኣል?» አልሁት።

እንጉዳይ ከጓዳ ብቅ አለች፣ አየችኝ፦
«ትከሻውስ ዳነ፤ ይሄንን የት ይውጉልኝ?»