የአዝመራው ማሳ

ከቸርችል ጎዳና፣ ከታክሲ ተራው በላይ፣
ሊፍት ከማይደርስበት ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንድ ዓይን ጨፍኜ፣
የሰው አንጀት አየሁ ወንበር ላይ መንምኜ።

ደህና አንጀት ማለት የመስከረም ማሳ፣
ጣት ጣት የሚመስል ቡቃያው ያልሳሳ፤
የሚያልፈውን እህል እሱ ነው ለቃሚው፣
ለደም የሚያቀብል፣ ለአጥንት የሚያካፍለው።

አሁን ደግሞ መጣ፣ ኮምፒውተር የሚሉት፣
ካሜራ ገጥመው፣ መስፈር አስተምረውት።
ኪሩቤል ነው ልጁ፣ ከስድስት ኪሎ የመጣ፣
ላፕቶፑን በጥንቃቄ ከቦርሳው ሲያወጣ፣
«እትዬ፣» አለኝ፣ «ዓይንዎ ደክሟል፣
የጣቱን ቁመት፣ የጉድጓዱን ጥልቀት ይሄ ይለካል።»
ተቀየምኩ።
ዝም አልኩ።
መስታወቱን ሰጠሁት።

ቁጥር፦ አራት መቶ ዘጠኝ።
ስም፦ አዝመራው ቢሆነኝ።
ሥራ በሚለው ላይ፦ ዳቦ ጋጋሪ፣
ከጊዮርጊስ በታች የሌሊት አዳሪ።
ሦስት ዓመት ከሳ፣ ሆዱም ተነፋ፣
አንዱ አሜባ ሲል፣ አንዱ ጨጓራ፣ መላው ጠፋ፤
ጠበልም ጠጣ፣ ፌጦም በሎሚ፣
እየጋገረ ኖረ፣ እየበላ ታማሚ።

ማሽኑ በስክሪኑ አረንጓዴ ያሰምራል፣
ይሰፍራል፣ ያካፍላል፣ እንደገና ይሰፍራል።
አንዱን ጥግ ሳተ፤ ሰያፍ የተቆረጠ ነበር፣
እኔ አስወጣሁት ከቁጥር።
(ኪሩቤል ጻፈው። አመሰገነኝ።)
ሦስት ለአንድ ነው በደህና ሰው አንጀት፤
እዚህ ግን ዜሮ ነጥብ አራት።
ዝቅ ብዬ በዓይኔም አየሁት፣
ሜዳ ነው፣ ቃርሚያ እንኳ ያልቀረበት።
አዝመራው ታጭዷል። ማን አጨደው? ስንዴ።
ማጭድ የያዘ እህል ታይቶ ያውቃል እንዴ?

መንገሩ የሐኪሙ ነው፤ እሱ ግን እኔን አገኘ።
ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፣ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ፣
ፌስታል ሙሉ ዳቦ ይዞልኝ፣ ለውጤቱ ተመልሶ።
ስንዴ ተው፣ አልኩት። ገብስም። ብናኙም ይቅርብህ።
«እንጀራዬስ?» አለኝ።
ንጹሕ ጤፍ ከሆነ አይጎዳህም፣ አልኩት።
«እሱን መች አልኩዎት?»

ውስጥ ኪሩቤል ቀጣዩን መስታወት ያስገባል፤
መስመሩ ደግሞ ከጥግ ይጀምራል።
መልስ ፈልጌ ቆምኩ።
ዳቦው እጄ ላይ ገና ይሞቃል።