መድረሻ ሰዓት

አባቴ ገብረየስ፣ የባቡር ሰዓት ሹም፣
ጡረታ ወጣ እንጂ ሰዓቱ አልወጣለትም።
ባቡሩ ቢቆምም፣ ሐዲዱ ቢዝግም፣
ከጓሮ ቲማቲም ቀጠሮ አያፈርስም።

የከዚራ ውሃ ሌሊት ነው የሚመጣ፤
ቧንቧው ሲያስነጥስ፣ አባቴ ከአልጋው ሲወጣ
አንድ ነው።
በባልዲ፣ በጀሪካን፣ በዘይት ቆርቆሮ
ተሰልፎ ይጠጣል ያ ጠባብ ጓሮ።
የሰሃን እጣቢ ለቃሪያው ይሄዳል፣
የእግሩ ለጎመን፤ አመድ ትል ያባርራል፤
«አንዲት ጠብታ እንኳ ያለ ትኬት አትሳፈርም» ይላል።
ውሃችንም ውሃ ሆኖ! ግማሹ ኖራ ነው፣
ከማንቆርቆሪያው ሥር ድንጋይ የሚጥለው።

ጥር ላይ ቲማቲሙ ሁሉም ባንዴ ይቀላል፤
ቀፊራ ገበያ ረክሶ ይደፋል።
እናቴ አስካለ ያኔ እጅጌ ሰብስባ
ትልቁን ብረት ድስት ከሰሉ ላይ ትጥዳለች፣
ከውስጡ፣ ከታች፣ ጨርቅ ታነጥፋለች፤
«ጠርሙስ ከብረት ጋር ካወራ ይጣላል» ትላለች።
ይህን ያስተማረቻት ማዳም ካትሪና ናት፣
ከማዶ ቪላ የነበረች ግሪካዊት።
ስትሄድ ፒያኖዋን ሸጠች፣ ውሻዋን ለዘበኛ ሰጠች፤
ለእናቴ ግን አሥራ ሁለት ጠርሙስ፣
የቆርቆሮ ክዳን፣ ከውስጡ ጎማ ያለው፣
ከዚያም አንድ ቃል ብቻ፦
«ትንፋሹ ካልወጣ ትንፋሽ አይታገድም።»
እናቴ ይህ ነገር እስከ ዛሬ አልገባትም፣
እስከ ዛሬም ግን አንድ አልሻገተባትም።

አሥራ ሁለቱ አሁን ስምንት ናቸው፦
ሁለቱን ከአክስቴ ቤት ደቻቱ ወሰዳቸው፤
አንዱን እኔ ሰበርኩ፣ ስለሱ አይወራም፤
አንዱ በጨው ሎሚ ተሞልቶ ሊመለስ
እማ ዙበይዳ ዘንድ ሄደ፤
ሰባት ዓመቱ ነው፣ ገና አልመጣም።

ጥቂት ሲበርድለት አባቴ ይመጣል በመነጽር፣
ነጭ ፕላስተር ቀዶ፣ እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣ ይጽፋል በዝርዝር፦
«ባቡር ቁጥር ሦስት። ጭነት፣ ቲማቲም።
መነሻ፣ ጥር አሥራ ሁለት። መድረሻ፣ ሰኔ አራት።
ተሳፋሪ የለም።»
እናቴ ትስቃለች፦ «ጎማ የለው፣ እግር የለው፣
ገብረየስ፣ የትኛው ጣቢያ ነው የሚደርሰው?»
እሱ ግን አይስቅም። «ስንቱን ሰው» ይላል፣
«አግዳሚ ላይ አስቀምጬ፣ ሕፃን እንዳቀፈ፣
መጣ፣ አሁን ይመጣል
እያልኩ ዋሽቻለሁ። ይሄኛው ይደርሳል።»

ዘንድሮ እጁ ተንቀጠቀጠ፤
እርሳሱ ከፕላስተሩ ወጥቶ ጠርሙሱን አቋረጠ።
ሦስቴ ቀደደ፣ ሦስቴ ጣለው፤
ከዚያ ለልጄ ለሶልያና፣ ሰው እንዳይሰማው፣
«እንኪ» አላት፣ «አንቺ ጻፊው።»
ሁለተኛ ክፍል ናት። ምላሷን አውጥታ፣
ፊደሉን ከፊደል በሰፊው ዘርግታ፣
ቁጥሩን ጻፈችው፣ ጭነቱን፣ መነሻውን፤
መድረሻ ላይ ቆመች፣ ነከሰች እርሳሱን፤
ከዚያ ጻፈች፦ «ሲርበን»።

እናቴ ጭልፋዋን ያዘች፣ እኔ ትንፋሼን።
አርባ ዓመት በደቂቃ ሲጣላ የኖረው ሰው
ጠርሙሱን ወደ መስኮት አዙሮ አነበበው፣
ደግሞ አነበበው፣
የእጅ ሰዓቱን አየ፣
«የሰዓት ስሕተት የለበትም» አለ፣
በፕላስተሩ ጥግ ፊርማውን ጣለ።

ስምንተኛውን ጠርሙስ ከመደርደሪያው ጫፍ አስቀምጦ
ከሸሚዙ ኪስ ፊሽካውን አወጣ፤
አልነፋውም፣ ቆመ ብቻ ጨብጦ።
እኛም አብረን ቆምን፣
ዝም ብለን፣
ክዳኑ ወደ ውስጥ ተስቦ
«ጧ» እስኪል።