የመረብ ዓይን

የፈተና ሰሞን፣ ከሌሊቱ ስድስት፣
በቴሌግራም መጣች የክፍላችን ትርሲት።
ፎቶዋ ነበረ፤ አልነበረችም እሷ፣
አምና ለአንድ ልጅ ብቻ የላከችው ራሷ።
ጸጉሯ በፎጣ ታስሮ፣ ትከሻዋ ባዶ፣
ለአንድ ዓይን የሳቀችው፣ ተሻግሮ ስንት ማዶ።

እኔ ምን አረግሁ? አልሰረቅሁም መቼም፣
ስድብ አልጨመርኩበት፣ አልጻፍኩበት ምንም።
በአውራ ጣቴ ብቻ ነካ አደረግኩት፣
ለሦስት ግሩፕ ሄደ። ስልኬን ቻርጅ ሰካሁት፣
ተኛሁ።

ማክሰኞ ቤተ ሙከራ ወንበሯ ሰው የለው።
ረቡዕም የለችም።
ሐሙስ መላው ግቢ «አየኸው?» «አየሁት» ነው።

«አጥፋው» አለኝ ባሪሶ፣ ከታችኛው አልጋ።
አጠፋሁ። ምን ዋጋ?
የኔ ስልክ ጸዳ እንጂ፣ ስንቱ ጋ ተዘረጋ!
ሕግ ነው የሚያጠናው፤ ዓይኑን ሳይገልጥልኝ
«ፎርዋርድም ማሰራጨት ነው፤ ያስጠይቃል» አለኝ።

ቅዳሜ ሲነጋጋ አሞራ ገደል ወረድኩ።
ሐዋሳ አልነቃችም፤ ባጃጅ እንኳ አልበዛ፣
የዓሣ ሽታ ብቻ ነው መንገዱን የገዛ።
መረብ ከሚጠግኑት ከአቶ ሀመሶ ጎን ቁጭ አልኩ።
አባ ኮዳው ከጓዱ የዓሣ አንጀት ይሻማል፤
የአንዱ ልጅ ስልክ «ቲን» ሲል ልቤ ይደነግጣል።

«እየው» አሉኝ ዘርግተው፣ «ይሄ መረብ ዓይን አለው፤
ትንሹን እንዲያሳልፍ ነው ሰፋ አርገን የሠራነው።
ጠባቡ ክልክል ነው። ተቆጣጣሪ ባይመጣ፣
ጫጩቱን የጨረሰ፣ ነገ ባዶ ጀልባ ይዞ ነው የሚወጣ።»

የኔስ መረብ ዓይኑ፣ የት ነበር ያን ማታ?
ሺህ ዓይን ነበረው፤ አንዱ እንኳ አላመነታ።
ከአፍ የወጣ አፋፍ፣ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤
አፋፍስ ደግ ነው፣ ሮጠው ይወጡታል፣
ከጣት የወጣውን ግን ማን ይደርስበታል?

ሰኞ ዲኑ ቢሮ ገባሁ፤ ወረቀት ሰጡኝ፣ ጻፍኩ፤
የሦስቱን ግሩፕ ስም፣ ከላይ የራሴን አሰፈርኩ።
ለትርሲትም ላክሁላት፤ «ካሰራጩት አንዱ እኔ ነኝ።
ይቅር በይኝ አልልም፤ ምስክር ስትፈልጊ ጥሪኝ።»

አንዲት ጭረት አለች፤ ሁለተኛዋ ቀረች።
ጣቴን አየዋለሁ።
እንዲህ ቀላል ነበረች።